ተስፋ የሚያደርገው ማን ነው?

የተከበራችሁ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤

ዛሬ እዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ የምናገረው «ሆፕፉሊ» ስለምትባለው አንዲት የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ ነው። ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ለተማሪዎቼ «ሆፕፉሊ ኢት ዊል ሬይን ቱሞሮው» የሚለውን፣ ማለትም «ነገ እንደሚዘንብ ተስፋ አደርጋለሁ» ለማለት የሚነገረውን፣ ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ሰጥቻቸው ነበር። አንዱ «ነገ በተስፋ ይዘንባል» ብሎ ጻፈ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ዝናቡ ራሱ ተስፋ ሰንቆ ከጮቄ ሲወርድ ታይቷቸው መሆን አለበት። እኔም በቀይ ሰረዝኩት።

ልጁ ግን ያስተማርነውን ነው የሠራው። «ሆፕ» ተስፋ ነው፤ «ፉል» ሙላቱን ያመለክታል፤ «ሊ» ደግሞ ቃሉን ተውሳከ ግሥ ያደርገዋል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቃሉ ያገለገለው በዚሁ ፍቺ ነበር፤ ገበሬው ሰማዩን በተስፋ አንጋጦ አየ እንደምንለው። የተናጋሪውን ምኞት የሚገልጸው አገባብ በአሜሪካ የገነነው በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቋንቋ ተበላሸ የሚሉ ሰዎች ክፉኛ ተቆጡ። አሶሼትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል እንኳ በአጻጻፍ መመሪያው ሲከለክለው ኖሮ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 ነው።

ቁጣው አብዛኛው አያሳምነኝም። «እውነቱን ለመናገር» ለማለት «ፍራንክሊ» ብሎ ዓረፍተ ነገር መጀመር በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራ ሆኖ ሳለ ያን ያህል የተነሣበት የለም። ጀርመንኛም ለዚሁ ጉዳይ «ሆፈንትሊሽ» የሚል ራሱን የቻለ ቃል አለው።

አንዱ ወቀሳ ግን ይከብደኛል፤ ቃሉ ተስፋ አድራጊውን ይደብቃል። ከአንድ መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ የደረሰኝ ደብዳቤ ጉዳዬ «ሆፕፉሊ» በቅርቡ እልባት እንደሚያገኝ ይገልጻል፤ ተስፋ የሚያደርጉት እነሱ ይሁኑ እኔ ልሁን እስካሁን አልገባኝም። አማርኛ ይህን መሸሸጊያ በቀላሉ አይሰጥም፤ አደርጋለሁ ወይም እናደርጋለን ስንል ግሡ ባለቤቱን አብሮ ይጠራልና። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ አዲሱን አገባብ ስሕተት ነው ብለን ከማረም ይልቅ ተማሪው ባለቤቱን እንዲፈልግ ብናደርግ ይሻላል እላለሁ።

የልጁን ወረቀት መልሼ ወስጄ፣ ከቀዩ ሰረዝ ሥር «ተስፋ የሚያደርገው ማን ነው?» ብዬ ጻፍኩበት። በማግሥቱ መልሱን አመጣልኝ፤ «እኔና አባቴ። በቆሎ ዘርተናል።»