ፕላስቲኩን አውጡት

እንደምን አደራችሁ! በዚህ ጭቃ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለ ዛሬው የችግኝ ተከላ ዕለት ተናገር ነበር የተባልኩት። እኔ ግን ዕድሜዬን ችግኝ ጣቢያ የጨረስኩ ሰው ነኝ። የመጣሁት ችግኙ ስለሚያድግበት ጥቁር ፕላስቲክ ልናገር ነው።

ይህን ኮረብታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሐምሌ ላይ እዚሁ ነበርን። ተማሪው፣ ዕድርተኛው፣ ካህናቱ ሳይቀሩ ወጥተው የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ተከልን። ፎቶ ተነሣን፣ ቁጥሩ ለበላይ ተላከ፣ ተበተንን። ጥር ላይ ብቻዬን ወጣሁ። አብዛኛው ደርቋል። መጀመሪያ ውርጩ ነው ብዬ ነበር። አንዱን ኮሶ ያዝ አድርጌ ብስበው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ጥቁሩ ፕላስቲክ እንዳለ ነው! ሥሩ መውጫ ሲያጣ እዚያው ውስጥ ሲዞር ሲዞር ከርሞ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። ሌላ ነቀልኩ፣ ያው ነው። አሥራ ሁለት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። ዘሩን የዘራሁት በዚህ እጄ ነው፣ በበጋ ውኃ ተሸክሜ ያጠጣሁትም እኔ ነኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የተከለውን ልጅ አልወቅስም። ማን አሳየው? ቶሎ በል፣ ቁጥር ሙላ ተባለ፣ ሞላ። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ስቆፍር ውዬ ነበር፣ ኮርቻለሁም። ግን በየስብሰባው ስንት ተተከለ የሚል ሞልቶ ስንት ጸደቀ የሚል ሰው ለምን ይጠፋል? ልጅ ሲወለድ እልል ብሎ ሄዶ፣ አደገ ወይ ብሎ የማይመለስ ዘመድ ምን ዘመድ ነው?

ዛሬ እንደዚያ አይሆንም። ችግኙን ግንዱን ይዛችሁ አታንጠልጥሉት፤ ከሥር ደግፋችሁ ያዙት። አትወርውሩት፤ አፈሩ ከተፈረፈረ ውኃ የሚስቡት ፀጉር የሚያካክሉ ሥሮች ይበጠሳሉ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትደርሱ ፕላስቲኩን ከላይ እስከ ታች በምላጭ ቅደዱና አፈሩ ሳይበተን አውጡት። ታች የተጠማዘዘ ሥር ካያችሁ ቁረጡት፣ አትዘኑለት። ጉድጓዱ 40 በ40 ሳንቲ ነው፤ መጀመሪያ ለብቻ ያስቀመጥነውን የላይኛውን ጥቁር አፈር መልሱ። ችግኝ ጣቢያ ሳለ አፈሩ እስከነበረበት ድረስ ብቻ ቅበሩት፣ አንገቱ ይታይ። ከዚያ ዙሪያውን በእግራችሁ ጠቅጠቅ።

የአጥሩንና የከብቱን ነገር ሊቀመንበሩ ይነግሯችኋል። አረሙ መስከረም ላይ ነው።

ባዶውን ፕላስቲክ እዚህ ጆንያ ውስጥ አጠራቅሙልኝ። ዛሬ የጫንነው 600 ችግኝ ነው። ማታ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። 600 ፕላስቲክ ካልሞላ ነገ በጠዋት ተመልሼ የቀረውን እየቆፈርኩ እፈልገዋለሁ።