ሳይነገር የሚታለፈው መነሻ
(በድሬዳዋ ለተማሪዎች የክርክር ውድድር መክፈቻ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናገረው ከእውነት ተነሥቶ ወደ ስሕተት ስለሚያደርስ መከራከሪያ ነው። ሐሰት የሚናገር ሰው ማስረጃ ሲጠየቅ ይጋለጣል፤ የተናገረው ሁሉ እውነት ሆኖ መደምደሚያው ብቻ የተሳሳተበትን ሰው ግን መርታት ይከብዳል።

የድሬዳዋን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ መሆኑን ታውቃላችሁ። አንድ ሰው «ከተማው ውስጥ አልዘነበም፤ ስለዚህ ደቻቱ አይሞላም» ቢል፣ አለመዝነቡ እውነት ሊሆን ይችላል። በመነሻውና በመደምደሚያው መካከል ግን ያልተነገረ ሌላ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ወንዙን የሚሞላው እዚሁ የሚጥለው ዝናብ ብቻ ነው የሚል ነው። ይህ ሐሳብ በግልጽ ቢነገር ኖሮ፣ ውሃው በአብዛኛው ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ እንደሚወርድ የሚያውቅ ሁሉ ወዲያው ይቃወመው ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በሌሊት የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሟቾቹ በአስተሳሰባቸው ተሳስተው ሞቱ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ጎርፉ የመጣው በእንቅልፍ ሰዓት ነው።

በአንጻሩ «ድሬዳዋን የመሠረታት ባቡሩ ነው» የሚለው መከራከሪያ ጠንካራ ነው። ጥንካሬው ግን ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ቀድሞ ደርሶ ከተማዋ በኋላ በመስፋፋቷ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ መቅደም ብቻውን ምክንያት አይሆንምና። ሐዲዱን ተራራውን አሻቅቦ ሐረር ማድረስ ከባድና ውድ በመሆኑ መስመሩ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ጣቢያው፣ የጥገና ክፍሉና ነጋዴውም በዚያው ተሰባሰቡ። አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳስከተለ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ይቻላል።

የተናጋሪውን ማንነት በሚመለከት አጭር ማሳሰቢያ ልጨምር። የጫት ነጋዴ በጫት ላይ የሚጣለው ቀረጥ ይጎዳል ብሎ ቢከራከር፣ ጥቅሙ ቃሉን አጥብቀን እንድንመረምር ያደርገናል እንጂ ቃሉን ሐሰት አያደርገውም።

የተቃራኒን መከራከሪያ ማፍረስ አቋሙን ሐሰት ከማድረግ ይለያል፤ ለእውነተኛ ነገር ደካማ ምክንያት የሚያቀርብ ሰው ብዙ ነው። በመሆኑም ዳኞች ነጥብ ሲሰጡ «ተቃራኒዬ አላስረዳም» ያለውን ተከራካሪ «ተቃራኒዬ ተሳስቷል» ካለው ለይተው እንዲመዝኑ፣ ሁለተኛውን ካለውም የራሱን ማስረጃ እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ።