ሆዱ ባዶ የሆነ ድንጋይ

ጤና ይስጥልኝ፣ ከደሴ ነው የምናወጋው። የዛሬው ነገራችን ጂኦድ ነው። ከላይ ሲያዩት ተራ ድቡልቡል ድንጋይ፣ ሲከፍቱት ሆድ ዕቃው ክሪስታል።

የጦሳን ተራራ ቀና ብላችሁ እዩት። ያ ተደራርቦ የቆመው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፈሰሰ የቀለጠ ዓለት የተሠራ። በቅላጩ ውስጥ ጋዝ አለ። እንጀራ ምጣድ ላይ ዓይን እንደሚያወጣው ጋዙ ወደ ላይ ሊያመልጥ ይሞክራል፤ ዓለቱ ቀድሞ ከረጋበት ግን አረፋው ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ተራው የውሃ ነው። ዓለቱን እያሟሟ ሲሊካ (ኳርትዝ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር) ይዞ ይሰርጋል፣ ጉድጓዱን ከዳር ጀምሮ ይለስነዋል። መጀመሪያ የሚቀመጠው በዓይን የማይለይ ደቃቅ ኬልቄዶን ነው፤ ቀለበት ቀለበት ሲሠራ አጌት እንለዋለን። ውሃው የያዘው ሲሊካ እየሳሳ ዕድገቱ ሲዘገይ ደግሞ ኳርትዝ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ጫፉም ሁልጊዜ ወደ መሃል ነው፤ ሌላ ቦታ የለውማ! በውስጡ ጥቂት ብረት ካለና ከአካባቢው ዓለት የሚወጣ የተፈጥሮ ጨረር ካገኘው ሐምራዊ ይሆናል፤ አሜቴስጢኖስ ማለት ይኸው ነው። እኔን የሚደንቀኝ ውሃው የሚያቆምበት ጊዜ ነው። ትንሽ ቢቀጥል ኖሮ ጉድጓዱ ይደፈንና ድፍን ድንጋይ እንጂ ጂኦድ አይኖርም ነበር።

ባዛልቱ አፈር ሲሆን ኳርትዙ አይበሰብስም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ድንጋይ ጅረት ዳር ተንከባሎ ይገኛል። በመጠኑ እኩያው ከሆነ ድንጋይ ቀለል ካለ ውስጡ ባዶ የመሆን ተስፋ አለው።

በአንድ ከባድ ምት አትምቱት፤ ክሪስታሉ ከሥሩ ይረግፋል። መነጽር አድርጉ፣ ወገቡን ዙሪያውን በጠመኔ አስምሩ፣ መሮውን መስመሩ ላይ እያዞራችሁ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ምቱ። ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ድምፁ ይለወጣል፤ ያኔ በእጅ ፈልቅቁት።

ውስጡ ነጭ ከሆነ ለዩት። ብርጭቆ የሚጭር ኳርትዝ ነው። ቢላ የሚጭረው፣ ኮምጣጤ ሲነካው የሚያረፋ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ነው፤ እሱን በአሲድ አትጠቡ፣ ይበላዋል። እንደ ፀጉር የቀጠነ መርፌ ካያችሁ ዚዮላይት የሚባል በቀላሉ የሚሰበር ማዕድን ሊሆን ይችላልና ብሩሽ አታስነኩት። ለኳርትዙ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል።

እዚሁ ወሎ ደላንታ የሚወጣውን ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ ግን እንዲህ አትያዙት። እሱ ክሪስታል አይደለም፤ ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣም የቀለም ጨዋታው ይጠፋል። ከረጠበባችሁ እሳት ዳር አታድርጉት፣ ይሰነጠቃል። ጥላ ሥር ለቀናት ተዉት፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል።