የእረኛው ልጅ ፍየል

መጀመሪያ ይሄን ልናገርና ይውጣልኝ፤ አሁንም ያስቀኛል። ያ ፍሬን የሌለው ላንድሮቨር በራሱ ገመድ ተስቦ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ስለዚህ «ፊልሙን ጠላችው» እንዳትሉኝ። አልጠላሁትም። ብጠላው ይቀለኝ ነበር።

«ዘ ጋድስ መስት ቢ ክሬዚ»ን ነው የምላችሁ፣ የኮካኮላ ጠርሙሱን ፊልም። ከአውሮፕላን የወደቀ ጠርሙስ ወስዶ ሊጥለው ስለሚጓዝ አንድ የሳን ሰው ነው፤ ሳኖች በካላሃሪ በረሃ እያደኑ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። አባየ ለጥምቀት ከደምበጫ ባሕር ዳር መጥተው ስለነበር አብረን አየነው። እኔ እንግዲህ ታውቁኛላችሁ፣ አንብቤ ነው የምቀመጠው። ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ደቡብ አፍሪካዊው ጄሚ ዩይስ ነው፣ በአፓርታይድ ዘመን። ታሪኩ ቦትስዋና ነው ይባላል። ዋናው ተዋናይ ንካው ግን የናሚቢያ ሰው ነው። ናሚቢያ ደግሞ ያን ጊዜ በደቡብ አፍሪካ እጅ ነበረች።

ተራኪው ትዝ ይላችኋል? ያ ረጋ ያለ ድምፅ። እነዚህ የሳን ሰዎች ንብረት የላቸውም፣ ጠብ አያውቁም፣ ደስተኞች ናቸው እያለ የሚነግረን። በዚያው ዓመት የወጣ የጆን ማርሻል ዘጋቢ ፊልም አለ። እዚያ ላይ የምታዩዋቸው ሰዎች የንካው ወገኖች ናቸው፣ ያው የሳን ሕዝብ። መንግሥት ባሰፈራቸው ቦታ ዱቄት እየተሰፈረላቸው ነው የሚኖሩት። የሳንባ በሽታ አለ። የደቡብ አፍሪካ ጦር ወጣቶቹን ይመለምላል። የኛ ኮሜዲ ሲቀረጽ እንኳ እዚያው ላይ ይታያል። ንካው ከመጀመሪያው ፊልም ያገኘው ገንዘብም ፊልሙ ካስገባው ጋር ሲተያይ ከምንም አይቆጠርም።

ይሄን ሁሉ ለአባየ ላስረዳ ተዘጋጅቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ ተናድጄም ነበር።

ከዚያ ፍየሏ መጣች።

ታውቁታላችሁ ቦታውን። ንካው የሚጫወተው ሰውየ ርቦታል፣ ፍየል ያያል፣ በቀስቱ ይመታታል። እረኛውን ልጅ ደግሞ «ና እንብላ» ብሎ ይጠራዋል። ፖሊስ ይመጣል። ፍርድ ቤት ያቆሙታል፣ አስተርጓሚ ይቆምለታል፣ ይታሰራል። እኔ እዚህ ጋ ሁሌም ሆዴ ይባባል። ምን እንዳጠፋ ያልገባው ሰው ግድግዳ መሀል ሲዘጋበት። ዘወር ብዬ አባየን አየኋቸው። እሳቸው ፍርድ ቤቱን እያዩ አይደለም።

«የልጁ ፍየልስ?» አሉኝ።

«የትኛው ልጅ?»

«እረኛው ነዋ! ማታ ምን ብሎ ይገባል?»

«አባየ፣ ሰውየው እኮ የሰው ንብረት የሚባል ነገር አያውቅም» አልኳቸው።

«እሱማ አያውቅ ይሆናል። ልጁ ግን ያውቃል፤ ልምጩ ያሳውቀዋል።»

ሌላ ነገር አላሉም። ቡናቸውን ጠጡ።

አባየ እረኛ ሆነው ነው ያደጉት። ፍየል ሳይቆጠር የገባበትን ማታ ያውቁታል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን ቦታ እየመለስኩ አያታለሁ። ልጁ ትንሽ ይታያል፣ ከዚያ ታሪኩ ጥሎት ይሄዳል። ባለፍየሉ ማን ነው? ድሀ ይሁን ባለጸጋ አይነገረንም። ያነበብኳቸው ትችቶች፣ እኔ ራሴ ያዘጋጀሁት ንግግር፣ ሁሉም ስለ ነጩ ፊልም ሠሪና ስለ ንካው ነው። የቀሩት ጥቁሮችስ? ያ ሙዝ እርሻ ውስጥ የሚተራመሱት ታጣቂዎች፣ ያ ልጅ... እነሱ ማን ናቸው? ለሳቅ ወይ ለመሸጋገሪያ ብቻ ነው የገቡት? ወይስ እኔ ከኮሜዲ ብዙ እየጠበቅሁ ነው? እሱም ይሆናል።

ቆይ፣ ስለ ተራኪው አልጨረስኩም። ሰውየው በራሱ ቋንቋ ይናገራል፣ ምን እንዳሰበ የሚነግረን ግን ያ ድምፅ ነው። ይሄ ድምፅ የት ነው የማውቀው እያልኩ ስብሰለሰል ትዝ አለኝ። እዚሁ፣ ጣና ዳር። ስለ ነገደ ወይጦ ለእንግዳ ሲወራ። «ደንገል ይቆርጣሉ፣ ታንኳ ይሠራሉ፣ ድሮ ጉማሬ ይበሉ ነበር፣ በሐይቁ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ።» ቋንቋቸው የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው። ማዕድ አብሯቸው የማይቀርብ ሰው ስንት ነበር። ስንት ነው ልበል? ስለ ደስታቸው የሚያወራው ደግሞ ሁሌም ሌላ ሰው ነው። በደቡብ አፍሪካዊው መናደድ ቀላል ነው፤ ሩቅ ነዋ። እዚህ ስደርስ ንዴቴ ወዴት እንደሚሄድ...

እሺ። ሌላ ነገር ልንገራችሁ። አስተርጓሚው ወንድሜን ታውቁታላችሁ። ቪዲዮ ቤት አግዳሚው ላይ ተጣበን ስናይ በጆሮዬ የሚተረጉምልኝ እሱ ነበር። እንግሊዝኛው ያን ያህል አልነበረም፣ ሲጨንቀው ከራሱ ይጨምራል። በሱ ትርጉም ዳኛው ሰውየውን በነፃ ነው ያሰናበተው። «ሂድ አገርህ ግባ» ብሎት። እስር ቤቱ ሲመጣስ ምን እንዳለኝ አላስታውስም፤ ብቻ አምኜው ነበር ያደግሁት። ሰሞኑን ደውዬ ለምን እንደዚያ እንዳለ ጠየቅሁት። «ልጅ ነበርሽ፣ ታለቅሽብኛለሽ ብዬ» አለኝ።

ስለ እረኛው ምን ብሎኝ እንደነበር ልጠይቀው ስል ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ለፋሲካ የእህቴ ልጆች ይመጣሉ፤ «ያንን የጠርሙሱን» ብለው ጠይቀውኛል። ላሳያቸው? የማሳያቸው ይመስለኛል። ያው ጠርሙሱ ከአውሮፕላን ሲወድቅ ማየት አለባቸው፣ ያ ነገር አሁንም ግሩም ነው። ግን ፍየሏ ጋ ስንደርስ አቁሜ ላውራቸው ወይስ ዝም ብዬ ልለፈው? ገና ልጆች ናቸው እኮ። ደግሞ ያን ጊዜ አባየም ይኖራሉ። አባየ ካሉ...