በመርከቡና በአሸዋው መካከል

የተከበራችሁ መኮንኖችና መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፤

ስለ ባሕር ኃይል ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የመርከቡ ግዝፈትና የሚሳኤሉ ርቀት ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣላችሁ፣ ወታደር ከመርከብ ወርዶ አሸዋ እስኪረግጥ ድረስ ያለችውን ውኃ ነው። ብዙ ዘመቻ የተበላሸው እዚያች ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1943 ማሪን የተባሉት የአሜሪካ የባሕር ወለድ ወታደሮች፣ ጃፓኖች በያዙት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ታራዋ፣ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ሲወርዱ፣ የጦር መርከቦቻቸው ዳርቻውን በመድፍ ሲቀጠቅጡት አርፍደዋል። የባሕሩ ሙላት ግን እንደተጠበቀው ከፍ ሳይል ቀረ። በሰንሰለት የሚሄዱት ተሽከርካሪዎች የኮራሉን ዐለት ሲሻገሩት፣ ጀልባዎቹ ዐለቱ ጋ ሲደርሱ ተገትረው ቀሩ። ወታደሮቹ ዘለው ወረዱ፤ ጠመንጃቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ውስጥ ተራመዱ። እስቲ አስቡት፤ መሬት ላይ ያለ ወታደር ሲተኮስበት ይተኛል፣ ይሮጣል፣ ድንጋይ ይጠጋል። ደረቱ ድረስ ውኃ የዋጠው ሰው ግን ከእነዚህ አንዱም አይቻለውም። በ76 ሰዓት ውጊያ ወደ 1,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን ሞቱ። ደሴቲቱ ተያዘች፤ ያ ውኃ ግን ከሐሳቤ አይወጣም።

አሸዋውን መርገጥም ገና ጅምር ነው። በ1982 እንግሊዝና አርጀንቲና በተዋጉበት የፎክላንድ ደሴቶች ጦርነት እንግሊዞች ሳን ካርሎስ በተባለው ዳርቻ ላይ የምድር ጦር ብዙም ሳይገጥማቸው ወረዱ። ከአራት ቀን በኋላ አትላንቲክ ኮንቬየር የተባለችው የጭነት መርከባቸው በሚሳኤል ተመታችና የጫነቻቸው ቺኑክ ሄሊኮፕተሮች ተቃጠሉ፤ የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። በአየር ሊጓዝ የታሰበው እግረኛ ጓዙን ተሸክሞ ረግረጉን በእግሩ አቋረጠ።

ዛሬ ያቺ ውኃ ሰፍታለች። በማርች 2022 ሳራቶቭ የተባለችው ወታደርና ታንክ አራጋፊ የሩሲያ መርከብ በዩክሬን ጦርነት በርዲያንስክ ወደብ ላይ እንደቆመች ወደመች፤ በኤፕሪል የሩሲያ የጥቁር ባሕር መርከቦች መሪ የነበረችው ሞስክቫ ሰጠመች። የዩክሬን የወደብ ከተማ በሆነችው ኦዴሳ ላይ ይመጣል ተብሎ የተፈራው የባሕር ወረራም ሳይመጣ ቀረ። ከየብስ የሚተኮስ ሚሳኤል፣ ፈንጂና ድሮን መርከብን ከዳርቻ አርቀውታል።

ከመርከብ ወደ ዳርቻ የሚወርደው ጦር ዘመኑ አበቃ የሚሉ አሉ። አልስማማም። በ1991 ኢራቅን ከኩዌት ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት በኩዌት ፊት ለፊት በመርከብ ላይ የነበሩት የአሜሪካ ማሪኖች ታላቁን ወረራ ሳያካሂዱት በርካታ የኢራቅ ክፍለ ጦሮች ፊታቸውን ወደ ባሕር አዙረው እንዲጠብቁ አድርገዋል። ሳይወርዱ ይህን ያህል ጦር ማሰር ትልቅ ጉልበት ነው። በዚያው ዘመቻ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን፣ ትሪፖሊና ፕሪንስተን የተባሉት የጦር መርከቦች በአንድ ማለዳ በባሕር ፈንጂ ተመቱ። ትሪፖሊ ራሷ የፈንጂ ጠራጊ ሄሊኮፕተሮች ማረፊያ ነበረች!

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ ነገ በጀት ሲደለደል ፈንጂ ጠራጊውን፣ የጭነት መርከቡንና የባሕሩን ጥልቀት የሚለካውን ባለሙያ እንዳትረሷቸው ነው። ሰልፍ ላይ አይታዩም፤ ወታደሩን አሸዋው ላይ የሚያደርሱት ግን እነሱ ናቸው።

አመሰግናለሁ።