ሲሊከን አኖድ፦ ባለሀብቱ ቢጠራጠር ይፈረድበታል?

ሰላም፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ሲሊከን አኖድ ነው። አኖድ ማለት ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙን የሚይዘው ክፍል ነው፤ እስካሁን በብዛት የሚሠራው ከግራፋይት ነው። ዮናስ፣ በቀጥታ ልጠይቅህ። ይህ ቴክኖሎጂ «ደረሰ፣ ደረሰ» ሲባል ዓመታት አልፈዋል። ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች ቢጠራጠሩ ይፈረድባቸዋል?

ዮናስ፦ አይፈረድባቸውም። ግን ጥርጣሬው ቦታውን ይያዝ ነው የምለው። ኬሚስትሪው ላይ ጥያቄ የለም። አንድ ግራም ግራፋይት በንድፈ ሐሳብ 372 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል። ሲሊከን ወደ 3,600 ይጠጋል።

ሰላም፦ አሥር እጥፍ ገደማ! ታዲያ ስልኬ ለምን ሳምንት ሙሉ አይቆይልኝም?

ዮናስ፦ አሥር እጥፉ የአኖዱ ብቻ ነዋ። ሌላኛው ዋልታ ካቶዱ፣ በሁለቱ መሃል ሊቲየሙን የሚያሻግረው ኤሌክትሮላይት፣ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፉት መዳብና አሉሚኒየም እንዳሉ ናቸው። ሙሉ ባትሪው ሲለካ ጭማሪው በጣም ይቀንሳል። ቴስላ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 በባትሪ ቀን ዝግጅቱ ላይ ሲሊከን የመኪናውን የጉዞ ርቀት በ20 በመቶ ይጨምራል ነበር ያለው።

ሰላም፦ 20 በመቶም ቀላል አይደለም።

ዮናስ፦ በጭራሽ! ግን አሥር እጥፍ ሲባል ሰምቶ ገንዘቡን ያወጣ ሰው፣ መጨረሻ ላይ 20 በመቶ ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል።

ሰላም፦ ሲሊከን ያብጣል ስለሚባለውስ?

ዮናስ፦ ዋናው ጣጣ እሱ ነው። ሲሊከን ሊቲየም ሲሞላበት መጠኑ ወደ አራት እጥፍ ይደርሳል። ግራፋይት የሚያብጠው 10 በመቶ ገደማ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ማበጥ፣ ሲያልቅ መኮማተር። በዚህ መሃል ቅንጣቱ ይሰነጠቃል፤ ላዩን የሸፈነው ስስ መከላከያም ይቀደዳል። ሽፋኑ እንደገና ሲሠራ ሊቲየም ይበላል። በየዙሩ፣ ማለትም ባትሪው ሞልቶ ባለቀ ቁጥር፣ ትንሽ ትንሽ።

ሰላም፦ ትንሽ ስትል ስንት?

ዮናስ፦ በሂሳብ እንየው። በየዙሩ ከሺህ አንድ እጅ ይጥፋ እንበል። 99.9 በመቶ ቅልጥፍና ማለት ነው፤ ለጆሮ ደስ ይላል። ከ1,000 ዙር በኋላ የሚተርፈው ግን 37 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከ80 በመቶ በላይ እንዲተርፍ ቅልጥፍናው 99.98 መድረስ አለበት። ኩባንያ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህች ከነጥብ ወዲያ ባለች ልዩነት ነው።

ሰላም፦ ስለዚህ ባለሀብቱ የዙሩን ብዛት ይጠይቅ?

ዮናስ፦ ይጠይቅ፣ ግን እዚያ አይቁም። እኔን የሚያሳስበኝ ሳይነካ የተቀመጠው ባትሪ ነው። የዙር ሙከራ አፍጥነው ከሠሩት በወራት ያልቃል። መኪና ግን አብዛኛውን ዕድሜውን ቆሞ ነው የሚያሳልፈው። ሲሊከኑ ደግሞ ቆሞም ከኤሌክትሮላይቱ ጋር መላተሙን አይተውም። በአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ድጋፍ የሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች ይህንኑ ዋና ጥያቄ አድርገው ይዘውታል። መልሱ ዓመታት ይፈልጋል። ባለሀብት ደግሞ የሚቸኩል ፍጡር ነው።

ሰላም፦ ገበያ ላይ የዋለም አለ እኮ።

ዮናስ፦ አለ፤ ለዚህ ነው «ሁሉም ወሬ ነው» የሚለውን የማልቀበለው። ሲላ የተባለው ኩባንያ የሠራው ሲሊከን እ.ኤ.አ. በ2021 ዉፕ በተባለው የእጅ አምባር ውስጥ ገብቷል። በ2023 የስልክ አምራቹ ኦነር ሲሊከን ካርቦን ባትሪ፣ ማለትም አኖዱ ሲሊከንን ከካርቦን ጋር ያዋሃደ ባትሪ፣ ያለው ስልክ አወጣ። ለአኖድ የሚሆን ሲሊከን በሚያመርተው ግሩፕ14 ላይ የመኪና አምራቹ ፖርሽ ገንዘብ አፍስሷል። ግን አስተውይ፣ ቀድሞ የገባው በትናንሽ ዕቃዎች ነው። ስልክ ሦስት አራት ዓመት ካገለገለ ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ጊዜ የ8 ዓመት የባትሪ ዋስትና ይዞ ነው የሚሸጠው።

ሰላም፦ አንድ ኩባንያ ገንዘብ ፈልጎ ፊትህ ቢቀርብ፣ መጀመሪያ ምን ትጠይቀዋለህ?

ዮናስ፦ በትክክለኛ መጠኑ የተሠራ ባትሪ፣ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ፣ በየወሩ ምን ያህል አቅም እንደሚያጣ ያሳየኝ። የሳንቲም ያህል የሙከራ ባትሪ ውጤት አይበቃኝም። እብጠቱ እንዲገታ በምን ያህል ግፊት ታስሮ እንደተለካም ይንገረኝ። ቤተ ሙከራ ውስጥ በብረት ሳህን መሃል ተጨምቆ ጥሩ ውጤት ያመጣ ባትሪ፣ መኪና ውስጥ ያን ግፊት የሚሰጠው ላያገኝ ይችላል።