ከመሬቱ በፊት ማዕዱን መለካት፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም። የዘንድሮው መወያያችን በማርሻል ደሴቶች ዛሬም ያልተቋረጠው የጨረራ ክትትል ነው። «እኛን ከሰላማዊ ውቅያኖስ ጋር ምን አገናኘን?» ያላችሁኝ አላችሁ። ጨረራን መለካት ሙያችን ነዋ!

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1958 ቢኪኒና ኤነወታክ በተባሉት የማርሻል ደሴቶች ሥፍራዎች 67 የኑክሌር ሙከራዎችን አካሂዳለች። ትልቁ በማርች 1 ቀን 1954 የፈነዳው ባለ 15 ሜጋቶን ቦምብ ነው። አመዱ ሮንጌላፕ በተባለው የጎረቤት ደሴት ላይ ዘነበ፤ ነዋሪዎቹ ከደሴታቸው የተነሡት ግን ሁለት ቀን ያህል ቆይቶ ነው። በ1957 «አሁን አያሰጋም» ተብለው ተመለሱ። በ1985 ጓዛቸውን ጠቅልለው፣ የቤታቸውን ጣውላ ሳይቀር ነቅለው፣ ግሪንፒስ በተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት መርከብ ወጡ። ለሙከራው ሲባል ተነሥተው በኋላ ወደ ቢኪኒ የተመለሱትም በ1978 እንደገና እንዲለቁ ተደረገ፤ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ሲዚየም-137 የተባለ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር እየጨመረ ሄዶ ነበርና።

ከየት መጣ? ከኮኮናቱ። የኮራል አፈር ፖታሲየም እምብዛም የለውም። ዛፉ ፖታሲየም ሲያጣ በጠባዩ የሚቀርበውን ሲዚየም ይስባል፤ ሰው ፍሬውን ይበላል፣ ውኃውን ይጠጣል። በቢኪኒ አብዛኛው የጨረራ መጠን ወደ ሰው የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። መሣሪያ ይዞ ሜዳውን ሲዞር የዋለ ባለሙያ ታዲያ የጉዳዩን ትንሹን ክፍል ብቻ ለክቶ ይመለሳል። መድኃኒቱ ደግሞ ማንም ገበሬ የሚያውቀው ነው፦ የፖታሲየም ማዳበሪያ። ዛፉ ሲጠግብ አብዛኛውን ሲዚየም ይተዋል። በሙያችን እንዲህ ርካሽና ብልህ መፍትሔ ብዙ ጊዜ አይገጥመንም።

የሙከራዎቹ ጨረራማ ቆሻሻ በጉድጓድ ስለተቀበረባት ስለ ሩኒት ደሴት ጥናት አቅራቢዎቹ በሰፊው ስለሚያብራሩ እኔ አልፈዋለሁ። የኮንክሪት ክዳኑ ከላይ ቢኖርም የጉድጓዱ ወለል እንዳልተለበጠ፣ ከሥሩ ያለው ውኃም ከባሕሩ ጋር ከፍ ዝቅ እንደሚል ብቻ ያዙልኝ። የሲዚየም-137 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪጠፋ የሚወስደው ጊዜ፣ 30 ዓመት ገደማ ሲሆን በጉድጓዱ ቆሻሻ ውስጥ ያለው የፕሉቶኒየም-239 ግን 24,000 ዓመት ያህል ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሕዝቡ አመኔታ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፤ የሮንጌላፕ ሰው ግን እባቡን አይቶታልና ልጥ ነው ብለን ልናሾፍበት አንችልም። በደሴቶቹ የአገሬው ልጆች የሆኑ ቴክኒሻኖች የሚሠሩባቸው የሰውነት ጨረራ መለኪያ ጣቢያዎች ተቋቁመዋል። ሰውየው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ መሣሪያው ፊት ለፊቱ ይቆማል፣ የለካውም ቋንቋውን የሚናገር ጎረቤቱ ነው። ይህ ከማንኛውም ወፍራም ሪፖርት ይበልጣል። እኛ ዘንድ እኮ ናሙና የሰጠ ሰው ውጤቱን ሳይሰማ፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ የሚያረጅበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ በሁለቱም ቀናት ለሚቀርብ ለእያንዳንዱ ጥናት ይህን ጥያቄ አንሡልኝ፦ ውጤቱ ለተለካው ሰው ተነግሮታል ወይ? አቅራቢዎችም መልሳችሁን ከወዲሁ አዘጋጁ።

ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ። አመሰግናለሁ።